ያልተቀመሰው ቋሊማ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በጾም፣ ያውም በነቢያት ጾም መሀል፣ አሥር ኪሎ ጥሬ ሥጋ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋችሁ ደረጃ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወጥቻለሁ። ሥጋው የበሬ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ የኤልግ ነው። ኤልግ ማለት እዚህ ኖርዌይ ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ ፈጣሪ ፈረስ ሊሠራ ጀምሮ መሀል ላይ ሐሳቡን የቀየረበት የሚመስል ግዙፍ እንስሳ ነው። አንድ ቀን ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ፣ ጫካው ዳር አንዱን አግኝቼው አንድ ደቂቃ ያህል ተፋጠጥን። ቀድሞ የሮጠው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምንኖረው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። አንድ በርና አንድ ደረጃ የምንጋራውን ጎረቤቶች እዚህ ‹ኦፕጋንግ› ይሉናል። የእኛ ኦፕጋንግ ታላቅ ሰው ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ኦድቫር ናቸው፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው። እርግጥ እዚህ አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም ‹አንተ› ነው የሚባለው። የእኔ ምላስ ግን በጄ አላለኝም። ‹ጋሽ› እያልኩ አስለመድኳቸውና ባለፈው ዓመት በላኩልን ካርድ ሥር ራሳቸው ‹ጋሽ ኦድቫር› ብለው ፈረሙ።

ስለ እሳቸው ቀልድ አልወድም። ከስምንት ዓመት በፊት እዚህ ቤት ስንገባ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ይዤ ደረጃው ላይ ስቀመጥ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው አጠገቤ ቁጭ እያሉ በቀስታ ያነቡልኝ ነበር። ብሪን የሚባል ሰፈር ያለውን የቢሮ ጽዳት ሥራዬን ያገኘሁበትን ማመልከቻ የጻፉልኝም እሳቸው ናቸው። ለእኔ እዚህ አገር አባት ካለኝ እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ጌርድ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ የፈረንጅ ገና ሲቃረብ፣ ጋሽ ኦድቫር አድነው ባመጡት የኤልግ ሥጋ የቁርስ ቋሊማ ይሠሩና በየቤቱ በር እጀታ ላይ በከረጢት ያንጠለጥሉልን ነበር። የእነሱ ገና ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣው እኛ ጾም ላይ ሆነን ነው። ከረጢቱን ተቀብለን፣ አመስግነን፣ እስከ እኛ ገና ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንከተዋለን። በየቀኑ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ‹አለህ?› እያልኩ አየው እንደነበር አልደብቃችሁም። ጌርድ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ቋሊማውም አብሮ ቀረ።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ኦድቫር በራቸውን ከፍተው ጠሩኝ። ቤታቸው በካርቶን ተሞልቷል። ኮሙኑ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ልጃቸው ቅዳሜ ቀትር ላይ መጥታ ልትወስዳቸው ነው። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ለቀው መውጣታቸው ነው። ከማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ከረጢት አወጡ። ራሳቸው ጠመንጃ ማንሳት ቢያቆሙም፣ የአደን ጓደኞቻቸው የዘንድሮውን ድርሻ ልከውላቸው ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ኦፕጋንጉን በሙሉ እዚያ ቤት ሰብስበው የጌርድን ቋሊማ አብልተው መሄድ ይፈልጋሉ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ቢላዋ መያዝ አይችሉም።

«ትችላለህ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ‹ጋሼ፣ እኔ እንቁላል ስጠብስ እንኳ ሚስቴ መስኮት ትከፍታለች› ይላል። እኔ ምን አልኩ? «አዎ! አባቴ እኮ ሉካንዳ ነበረው!»

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ዶሮ ሲታረድ ግቢውን ለቆ የሚወጣ ሰው። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ራሴንም ገረመኝ። ከወጣ በኋላ ግን ሥጋው እቅፌ ውስጥ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፅጌ መጀመሪያ ከረጢቱን አየች፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየች።  ያገባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ይኼኛው አተያይ ጥሩ አተያይ አይደለም። እየተንተባተብኩ ሳስረዳት የጋሽ ኦድቫር ስም ላይ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ። እሷም ትወዳቸዋለች። ስለ ሉካንዳው ስነግራት ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ነፍሱን ይማረውና አማቷን በደንብ ታውቀው ነበር።

ፈቀደች፣ በቅድመ ሁኔታ። አንድም የእሷ ድስት፣ አንድም የእሷ ቢላዋ አይነካም። ሁሉ ነገር አዲስ ይገዛ፤ ኩሽናው ቀለም ሊቀባ እንደሆነ ቤት በላስቲክ ይሸፈን፤ እኔም የገላ መታጠቢያ ቆብ ላጥልቅ። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሰኮናው የተሰነጠቀ መሆኑን ጠየቀችኝ። እኛ ላንበላው ምን ያደርግልሻል ብላት፣ ቤቴ ገብቷል አለች። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። ኤልግ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳልም። ያ ጫካ ለጫካ የሚንቦራቀቅ ፍጥረት ሳያውቀው የኦሪትን ሕግ አሟልቶ ኖሯል።

አርብ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረውን ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፣ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ክንዱ የኔን ሁለት እጥፍ ነው። ጋሽ ኦድቫር ከሥጋው ጋር የሰጡኝ የጌርድ የሥጋ መፍጫ ከብረት የተሠራ፣ በእጅ የሚዞር፣ ከጦርነት የተረፈ የሚመስል ዕቃ ስለሆነ ያለ እሱ የሚታሰብ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ አሰርነው። ሰይድ ያዞራል፣ እኔ ሥጋ እጨምራለሁ፣ ፅጌ በሩ ላይ ቆማ ትቆጣጠራለች። ኤልግ ስብ የሚባል ነገር ስለሌለው የበሬ ጮማ ጨመርንበት። እስከዚህ ድረስ እመኑኝ፣ እውነተኛ የባለ ሉካንዳ ልጅ መስዬ ነበር።

ከዚያ አብሮ የተሰጠኝን፣ ጌርድ የቋሊማውን አሠራር በእጃቸው የጻፉበትን ወረቀት አወጣሁ። ቁንዶ በርበሬ ይኼን ያህል፣ ዝንጅብል ይኼን ያህል፣ ውሃ ይኼን ያህል። ጨው ላይ ስደርስ መጠን የለም። ‹ጨው፦ እየቀመሱ› ይላል።

ሦስታችንም ተያየን።

እኔና ፅጌ ጾም ላይ ነን። ሰይድ እጁን ገና ሳንጠይቀው አነሳ። ይኼ እንስሳ ቢስሚላህ ተብሎ አልታረደም፣ በጥይት ነው የሞተው፤ ለመፍጨት ክንዴን አውሼሃለሁ፣ ምላሴን ግን ተወኝ አለ። ልክ ነው። እንግዲህ ሦስት ሙሉ ሰው፣ ሦስት ጤነኛ ምላስ፣ አንድ ሳፋ ሥጋ፣ ቀማሽ ግን የለም። ከሳፋው የሚመጣው ሽታ ደግሞ ይኼን አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያውደናል።

ለነገሩ የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። ቀምሼ ብተፋውስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ለራሴ ሳይሆን ለአንድ ሽማግሌ ስል መሆኑን አስረግጬ ተናገርኩ። «ልጄ፣ ምላስህ ከጾሙ ተለይታ የብቻዋን ሃይማኖት ያዘች እንዴ?» አሉኝ። ስልኩን የዘጋሁት ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው።

ታዲያ ኦፕጋንጉ ሙሉ ፈረንጅ አይደል? ከሥጋው ትንሽ ጠፍጥፌ ጠበስኩና በሹካ ሰክቼ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ተማሪ በደስታ ከፈተችልኝ። ሹካውን ስታይ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሥጋ ካቆመች አራት ዓመቷ ነው፤ በእኛ አነጋገር ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት፣ ያውም የፋሲካ ተስፋ የሌላት። ለቁርሱ ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። አራተኛ ፎቅ ያለውን ረጅሙን ሰውዬ አንኳኳሁ። በበሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን አየኝና ጠፋ። አልፈርድበትም። ኦስሎ ውስጥ ቀጠሮ ሳይዝ፣ የላስቲክ ቆብ አጥልቆ፣ ትኩስ ሥጋ በሹካ ይዞ በር ላይ ለቆመ ሰው እኔም አልከፍትም።

የቀሩት ራሳቸው ጋሽ ኦድቫር ናቸው። ወርጄ ሹካውን ስዘረጋላቸው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ነገ ከሁሉም ጋር እበላለሁ አሉኝ። ጨው እንዴት እንደሚወዱ እንኳ ልጠይቃቸው ብል፣ እጅህ እንዳዘዘህ አድርገው ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ገቡ። ልቤ ይበልጥ ተጨነቀ። ሰውየው ይኼን ያህል አምነውኛል፣ በዚያ ቤት የሚበሉት የመጨረሻ ቁርስ ነው፤ እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ልጅ ነኝ።

ሹካውን ይዤ ተመለስኩና ጨዉን በግምት በተንኩ። ከዚያ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። አልጫ ነው። ሽታው ራሱ አልጫ ነው። ቁንዶ በርበሬ ብቻውን ምን ሊያደርግ? የሚጥሚጣውን ብልቃጥ አወረድኩና አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። አንድ። ቁጥሩን ያዙልኝ።

ቀጥሎ አንጀቱን አወጣሁ። ቋሊማ የሚሞላበትን አንጀት ከትቬይታ ገበያ ነበር የገዛሁት፣ በትንሽ ባልዲ ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈ። ልከፍተው ስል ሰይድ እጄን ያዘኝ። ሰይድ ኖርዌጅኛ የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብስኩት ካርቶን ጀርባ ነው፤ ጽሑፉን ሳያነብ ውሃ እንኳ አይገዛም። ባልዲውን አገላብጦ አየና፣ «ወንድሜ፣ ይኼ የአሳማ ነው» አለኝ።

ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዘለልን። ሁለቱ ሃይማኖቶች እንዲህ በፍጥነት ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ባልዲውን በሁለት ጣቴ አንስቼ በሦስት ከረጢት ጠቅልዬ አወጣሁት፤ ፅጌ ደግሞ የነካውንም ያልነካውንም በበረኪና ፈጀችው፣ እጄን ጨምሮ። ከዚያ የበግ አንጀት ፍለጋ ወደ ትቬይታ ተመልሼ ወረድኩ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨልሟል፣ መንገዱ በረዶ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። እዚያ ሥጋ ሻጩ ፊት ቆሜ፣ የበግ መሆኑን ማልልኝ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ስመለስ ፅጌና ሰይድ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው፣ ደግ ሰው መስለው ተቀምጠዋል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

አንጀት መሙላት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ሰይድ መፍጫውን ያዞራል፣ ሥጋው በቱቦው ይመጣል፣ እኔ አንጀቱን ይዤ እለቃለሁ። ቀስ በል እለዋለሁ፣ እሱ አውቶቡስ የያዘ መሰለው። የመጀመሪያው ፈንድቶ ጣሪያ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው አየር ስለገባበት እንደ ፊኛ ተነፋና ፅጌ በመርፌ ስትወጋው ተነፈሰባት። ሦስተኛውን ስንጠመዝዘው አንዱ የጣት ያህል፣ አንዱ የክንድ ያህል ወጣ። ሰባተኛው ላይ ግን ነገሩ ገባን። ሲመሽ ጠረጴዛችን ላይ መቶ የሚጠጋ ቋሊማ ተደርድሮ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ አባቴ ሉካንዳ የነበረው መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኦድቫር ቤት ተሰበሰብን። መጋረጃው ወርዷል፣ ግድግዳው ላይ የሥዕሎቹ ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። ወንበሩ ስላልበቃ ግማሾቻችን የመጽሐፍ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ልጃቸው ሊቭ መጥታለች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ትሑት ሴት ናት። ተማሪዋ ዳቦዋን ይዛ መጣች። ረጅሙ ሰውዬም የራሱን ሰናፍጭ ይዞ ወረደ፤ ስለ ሹካው ጉዳይ ሁለታችንም አላነሳንም። ጋሽ ኦድቫር ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አበጥረው፣ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል።

ቋሊማውን ጠብሼ አቀረብኩ። መልኩ ያምራል፣ ሽታው ልብ ይሰርቃል። እኔ፣ ፅጌና ሰይድ ዳቦና ቲማቲም ይዘን ተቀመጥን። ሠሪዎቹ የማይበሉበት ግብዣ ስለሆነ ረጅሙ ሰውዬ ትንሽ በጥርጣሬ አየን። ቢሆንም ቆረጠና ጎረሰ።

መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ማኘኩን አቆመ። ጆሮው ቀላ፣ ቀጥሎ አንገቱ፤ ከዚያ ተነሥቶ፣ ካርቶኑን ገልብጦ ወደ ኩሽና ሮጠ። የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ይሰማናል። ሊቭ በናፕኪን አፏን ይዛ ትስላለች። ተማሪዋ ዳቦዋን አቅፋ ሁላችንንም በፍርሃት ታያለች።

ፅጌ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝና በአማርኛ ሚጥሚጣውን ስንት እንዳደረግኩ ጠየቀችኝ። አንድ ማንኪያ ብቻ አልኳት፤ በመስቀል ማልኩላት።  ዳቦዋን እየቆረሰች፣ ትቬይታ በሄድክ ጊዜ ሽታው አልጫ ሆኖብኝ እኔም አንድ ጨምሬያለሁ፣ ለሽማግሌው ይጣፍጣቸው ብዬ ነው አለች። ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ ሰይድ ዞርን። ሰይድ ጣሪያውን ያያል።

«ፅጌ ስልክ ስታወራ...» አለ። «ሁለት። ግን ወላሂ፣ ያልሞሉ ማንኪያ ናቸው።»

አራት ማንኪያ ሚጥሚጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰውየውን የመጨረሻ ቁርስ አበላሸሁት። ስምንት ዓመት ደብዳቤ ላነበቡልኝ ሰው በስንብታቸው ቀን እሳት አበላኋቸው። ወደ ጠረጴዛው ራስ ለማየት ፈራሁ።

ቀና ብዬ ሳይ ጋሽ ኦድቫር ያኝካሉ። በቀስታ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከዓይናቸው እንባ እየወረደ ነጩን ሸሚዝ ያርሳል፤ አይጠርጉትም። ብድግ ብዬ ሳህናቸውን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሳህኑን ጫን አድርገው ያዙብኝ። እስኪውጡ ጠበቅን። ረጅሙ ሰውዬ እንኳ ከኩሽና ውሃ የያዘ አፉን ይዞ ብቅ አለ።

«ይሰማኛል» አሉ።

 ከሁለት ክረምት በፊት ታምመው ከተነሡ ወዲህ ጨውም ስኳርም ከአፋቸው ጠፍቶ እንደነበር ያን ጊዜ ተናገሩ። ቡና ውሃ ነው፣ ዓሣ ወረቀት ነው። የጌርድን ቋሊማ ቢበሉትም ባይበሉትም ለምላሳቸው አንድ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ የፈለጉት ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰብስቦ ሲበላ አይተው መሄድ ብቻ ነው። ይኼኛው ግን ይሰማል አሉ። ያቃጥላል። በሁለት ዓመት ውስጥ አፋቸው እንዳለ የነገራቸው የመጀመሪያው ምግብ ነው።

ሊቭ ናፕኪኑን ከአፏ አወረደች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለቻቸው አባቷን።

«በየእሁዱ እየመጣሽ ታበስይልኛለሽ» አሏት። «ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ሊቭ አየቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ሳህናቸውን አጽድተው፣ ጣፈጠኝ ብለው፣ እጇን ይዘው ያመሰገኗትን ስታስብ ይመስለኛል። ከዚያ ገፋ አድርጋ ያስቀመጠችውን ቋሊማ ወደ ራሷ ሳበችና በትልቁ ቆርጣ ጎረሰች። ፊቷ ሲቀላ እያየን ነው። አልተፋችውም። ጋሽ ኦድቫርም ሁለተኛውን በሹካ ወጉ። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እየተያዩ፣ እያላቡና እያለቀሱ በሉ፤ እኛ ሦስታችን ምራቃችንን እየዋጥን ደረቅ ዳቧችንን ጨበጥን።